ቺሊ ለትምህርት ሄዳችሁ ማፑቼ ቤት ስትጋበዙ፦ ደረጃ በደረጃ

«ቺሊ አይደል የተማርሽው? ማፑቼዎቹ ጋ እንዴት ነው የሚገባው? ማንን ልጠይቅ? ምን ልልበስ?» ስለ ማፑቼዎች፣ ስለ ቺሊ ነባር ሕዝብ፣ የሚነሳው ይህ ጥያቄ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይደርሰኛል። ለአንዱ በድምፅ፣ ለሌላዋ በጽሑፍ ስመልስ ከረምኩ። ካሁን በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ነው የምልከው።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ማፑቼ ቤት የሚገባው ሰው ይዞ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሰው ስለማግኘት፣ ካገኛችሁት በኋላም ስላለማሳፈር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ። ደቡብ ቺሊ በክረምቱ ዝናቡ አያባራም፤ ክረምቱ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ነው።
- ተደራራቢ ሙቅ ልብስ። ለሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ቀሚስ፣ ከሥሩ ወፍራም ታይት።
- የቺሊ መታወቂያ ካርዳችሁ። ፎቶ ኮፒው አይበቃም።
- ጥሬ ገንዘብ በፔሶ። ገጠር ውስጥ ኤቲኤም አትጠብቁ።
- እጅ መንሻ። አንድ እሽግ የማቴ ቅጠል (እንደ ሻይ የሚጠጣ)፣ ስኳር፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ።
- ክዳን ያለው ዕቃ ወይም ንጹሕ ፌስታል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና የእጅ ባትሪ።

ከአገር ቤት ቡና ልውሰድ የምትሉ ብዙ ናችሁ። ውሰዱ፤ ግን የተቆላና የታሸገ ይሁን። ጥሬ ቡና ዘር ነው። ሳግ የሚባለው የቺሊ የግብርናና የእንስሳት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዘር፣ ማርና ፍራፍሬ ላይ ቀልድ አያውቅም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሚሞላው ቅጽ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ አስመዝግቡ። አስመዝግቦ የተከለከለ ሰው ዕቃውን ብቻ ያጣል፤ ደብቆ የተያዘ ይቀጣል።

ደረጃ 1፦ ክፍቱን ከዝጉ ለዩ

ሁሉም ነገር ለእንግዳ ክፍት አይደለም። ይህንን ሳይለዩ መነሳት ነው ብዙውን ጣጣ የሚያመጣው።

ክፍት የሆኑት፦ ደቡብ ቺሊ ቴሙኮ ከተማ ያለው ፌሪያ ፒንቶ ገበያ፣ የአራውካኒያ ክልል ሙዚየም፣ የሽመና ትምህርት፣ እንዲሁም በቡዲ ሐይቅ ዙሪያና በኩራሬዌ እንግዳ ተቀብለው የሚያስተናግዱ ቤተሰቦች። እነዚህ ጋ ትከፍላላችሁ፣ ትስተናገዳላችሁ።

በከፊል ክፍት የሆኑት፦ ዩኒቨርሲቲዎችና ማዘጋጃ ቤቶች የሚያዘጋጁት የዌ ትሪፓንቱ (የአዲስ ዓመት) በዓል፣ ትራፍኪንቱ የሚባለው የዘርና የዕቃ መለዋወጫ ገበያ፣ የፓሊን ግጥሚያ። ፓሊንን ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ፣ ሁለት ቡድን። በቃ የእኛው የገና ጨዋታ ነው! አንድ ልዩነት ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከፊት ለፊቱ የራሱ ተጋጣሚ አለው፤ እሱ ከሌላ ጋር አይምታታም።

ዝግ የሆኑት፦ ንጊያቱን የሚባለው ትልቁ የጸሎትና የምስጋና ሥርዓት፣ ማቺቱን የሚባለው የፈውስ ሥርዓት፣ እና ቀብር። እነዚህ ላይ የሚገኘው የጠራው ቤተሰብ ያለ ሰው ብቻ ነው። «አንድ ሰው ቦታውን ነግሮኛል» ጥሪ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሰው ፈልጉ

በ2017 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 1.7 ሚሊዮን ገደማ የቺሊ ነዋሪ ማፑቼ ነኝ ብሏል። ከየትኛውም ክልል ይልቅ ብዙዎቹ ያሉት ሳንቲያጎና ዙሪያዋ ነው። ስለዚህ ሳንቲያጎ የምትማሩ ልጆች ወዲያው የደቡብ አውቶቡስ አትቁረጡ። ላ ፒንታናንና ሴሮ ናቪያን በመሳሰሉ ሰፈሮች የማፑቼ ማኅበራት የሠሯቸው ሩካዎች (ባህላዊ ቤቶች) አሉ። ቋንቋ የሚያስተምሩም አሉባቸው።

ደቡብ ለሚማር መሀሉ ቴሙኮ ነው። ከሳንቲያጎ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሌሊት አውቶቡስ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል።

ሰው የሚገኝባቸውን መንገዶች በሠሩልኝ ቅደም ተከተል ላስቀምጥ፦

ሀ) የማፑዱንጉን (የማፑቼዎች ቋንቋ) ኮርስ ተመዝገቡ። መምህሩ የአንዱ ማኅበረሰብ ልጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስት ወር ያስተማራችሁ ሰው ያውቃችኋል፤ ያወቃችሁ ሰው ይጠራችኋል።

ለ) ሽመና ተማሩ። ዊትራል በሚባለው ቋሚ የሽመና ዕቃ ፊት ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ብዙ ወሬ ይሰማል።

ሐ) የክፍል ጓደኛ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «አንተ ማፑቼ ነህ አይደል? ውሰደኝ» አይባልም። የቤተሰቡ ስም ማፑቼ የሆነ ልጅ ሁሉ ሥርዓቱን የሚከተል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ወንጌላዊ ወይም ካቶሊክ ነው፤ ከወንጌላውያኑ መካከል ንጊያቱን የማይረግጥም አለ። «ለምን ቋንቋችሁን አትናገርም?» የሚለው ጥያቄም ቁስል ይነካል፤ ተዉት።

ገጠር ያለ ማኅበረሰብ ሎንኮ የሚባል መሪ አለው። ዌርኬን ደግሞ መልእክተኛውና ቃል አቀባዩ ነው። ጋባዣችሁን «ለሎንኮው ነግራችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጋባዡ አንድ ሰው ቢሆንም የምትረግጡት መሬት የብዙ ሰው ነው። ኋላ «ይህ ማነው?» ሲባል የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰላምታውን ተለማመዱ

«ማሪ ማሪ» ነው ሰላምታው። በአማርኛ ጆሮ «ይቅር በይ» የምትባል ሴት ያለች ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማሪ በእነሱ አሥር ማለት ነው።

ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው መጠሪያ ላይ አትሳቱ፦

- ወንድ ለወንድ፦ «ማሪ ማሪ ፔኚ»
- ወንድ ለሴት፣ ሴት ለወንድ፣ ሴት ለሴት፦ «ማሪ ማሪ ላምንጌን»
- ለእናት ወይም ለአያት ዕድሜ ላላት ሴት፦ «ፓፓይ»
- ለአባት ወይም ለአያት ዕድሜ ላለው ወንድ፦ «ቻቻይ»

ፓፓይ ሴት መሆኗን ልብ በሉ። አንድ የእኛ ልጅ አዛውንቱን «ፓፓይ» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶታል። ሴቶች ደግሞ ወንዱን «ፔኚ» አትበሉ፤ እሱ በወንዶች መካከል ብቻ ነው።

አነጋገሩ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ማፑዱንጉን ስፓኒሽ የሌለው ድምፅ አለው። ስሙንም «ስድስተኛዋ አናባቢ» ይሉታል። ሌሎች የውጭ ተማሪዎች ወር ሙሉ ይታገሉታል። እናንተ ሳድስ ብላችሁ እለፉት። «ክሜ» (ጥሩ)፣ «ክትራል» (እሳት) ስትሉ የእኛው «ክ» ናት። «ኝ»ም አለች። የሚያስቸግረው በቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የአፍንጫ «ንግ» ነው፤ እሱን ከመምህሩ አፍ ስሙ።

ስማችሁን ለመናገር «ኢንቼ … ፒንጌን» በሉ። ለምስጋና «ቻልቱማይ»።

ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ ራስን ማስተዋወቅ። ማፑቼ እንግዳን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። ቱውን፣ የመጣበት ምድር። ክፓልሜ፣ የዘር ሐረጉ። ስም፣ አገር፣ የአባትና የእናት ስም፣ አያቶቻችሁ የኖሩበት ቦታ፣ ምን እንደምትማሩ፣ ማን እንደጋበዛችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል በስፓኒሽ አዘጋጁ። አትቸኩሉበት። «የማን ልጅ ነሽ?» ተብለን ላደግን ይህ ከባድ አይደለም። «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ምህንድስና ነው የምማረው» ብላችሁ ካቆማችሁ ግን ግማሹን ደብቃችኋል፤ ሽማግሌው የቀረውን እየጠበቀ ዝም ይላል።

አንድ ቃል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ብታዩ አትደናገሩ። ቋንቋው በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ከአንድ በላይ ሥርዓት አለው። ማስታወቂያ ላይ ሌላ በዓል የመሰላችሁ ያው ዌ ትሪፓንቱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጊዜውን ምረጡ

የመጀመሪያው ሴሚስተር መጋቢት ላይ ይጀምራል። ያኔ የመጣችሁ ከሆነ ተራራማው አካባቢ የፒኞን (የአራውካሪያ ዛፍ ፍሬ) ለቀማ ጊዜ ላይ ናችሁ፤ ፌሪያ ፒንቶ በየማዳበሪያው ታገኙታላችሁ።

ዌ ትሪፓንቱ፣ የፀሐይ መመለሻና የአዲስ ዓመት በዓል፣ ከጁን 20 እስከ 24 ባለው ጊዜ ይከበራል። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዚያን ሰሞን የሚውለው የነባር ሕዝቦች ቀን በመላ ቺሊ የሥራ መዝጊያ ነው፤ ስለዚህ አውቶቡስ ቀድማችሁ ቁረጡ። በዓሉ ሌሊቱን እሳት ዙሪያ በወሬና በምግብ ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ መታጠብ አለ። አዎ፣ በዚያ ብርድ። የማይችል ሰው ፊቱንና እጁን ያስነካል፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ቅያሪ ካልሲ ግን ያዙ። እኔ አልያዝኩም ነበር፤ በእርጥብ ጫማ ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ተቀምጬ ሳምንት ተኛሁ።

ደረጃ 5፦ የማትበሉትን ቀድማችሁ ተናገሩ

ይህንን ደረጃ ሌላ አገር ሰው የጻፈው መመሪያ ላይ አታገኙትም። ለእኛ ሰው ግን ከሁሉ የሚብሰው ይኸው ነው።

በግ ሲታረድ ለክብር እንግዳ ኛቺ ይቀርባል። ኛቺ ትኩስ ደም ነው፤ በቅመም ረግቶ የሚበላ። የፈረስ ሥጋም በብዙ ቤት የተከበረ ምግብ ነው። ሙዳይ ከስንዴ ወይም ከፒኞን የሚሠራ መጠጥ ነው፤ አዲስ ሲሆን ጣፋጭ፣ ሲቆይ ግን የሚያሰክር። ዳቦውና ሶፓይፒያ የሚባለው ጥብስ ውስጥ ደግሞ ማንቴካ ሊኖር ይችላል። ማንቴካ ቅቤ እንዳይመስላችሁ፤ የእንስሳ ስብ ነው፣ ብዙ ጊዜም የአሳማ።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ሌላም አለ። ዌ ትሪፓንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል። አስተናጋጁ በግ ካረደ በኋላ «ጾም ነኝ» ማለት ለእሱም ለእናንተም ጭንቀት ነው።

ስለዚህ፦

1. ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ለጋባዣችሁ ንገሩ። የምትሉት ከጠፋችሁ፦ «ፖር ሚ ፌ ኖ ኮሞ ሳንግሬ፣ ኒ ካርኔ ዴ ካባዮ፣ ኒ ሴርዶ»። በሃይማኖቴ ምክንያት ደም፣ የፈረስ ሥጋና አሳማ አልበላም ማለት ነው። ሃይማኖትን ምክንያት ያደረገ እምቢታ በደንብ ይገባቸዋል። «አልወድም» ግን ያስከፋል።
2. የምትበሉትንም ንገሩ። የተቀቀለ ፒኞን፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በእጅ የሚድቦለቦለው የስንዴ ሙልትሩን ለጾም ይሆናሉ።
3. ዳቦ ስትቀበሉ «ቲየኔ ማንቴካ?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።
4. ሙዳይ ሲሰጣችሁ የማትጠጡ ከሆነ በሁለት እጅ ተቀብላችሁ ምክንያቱን ንገሩ። ገፍታችሁ አትመልሱ።

መርኬን ግን አያምልጣችሁ። በጭስ የደረቀ ቃሪያ ከድንብላል ጋር የተፈጨ ነው። ሚጥሚጣ ለናፈቀው ማስታገሻ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ መንገድና ጸጥታ

ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአራውካኒያና በአጎራባች ግዛቶች መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እያራዘመ ወታደር አሰማርቷል። ምክንያቱ ማፑቼዎች የጥንት መሬታችን ይመለስ ከማለታቸው ጋር የተያያዘው ግጭት ነው። ለተማሪ ትርጉሙ ይህ ነው፦ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ይጠየቃል። ከመነሳታችሁ የዕለቱን ዜና እዩ፤ ጋባዣችሁንም «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወታደር፣ ፖሊስ፣ የተቃጠለ መኪና ወይም የተያዘ መሬት በስልክ አትቅረጹ። ገጠር ውስጥ በጨለማ አትንቀሳቀሱ። የገጠር አውቶቡስ የመጨረሻው ጉዞ በጊዜ ነው፣ እሑድ ደግሞ ጥቂት ነው። የመመለሻውን ሰዓት ሹፌሩን ሳትጠይቁ አትውረዱ።

ደረጃ 7፦ ደጃፍ ላይና እሳቱ ዳር

ግቢው ጋ ስትደርሱ ዘው አትበሉ። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ተጣሩ። አንደኛ ውሾቹ አይጫወቱም። ሁለተኛ እንግዳ ተቀባይ ወጥቶ ሊያስገባችሁ ይገባል። የሩካ በር ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት። ከቤቱ ጀርባ ዞራችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ከገባችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሰው በየተራ ሰላም በሉ፤ ልጆችንም ጭምር። ከበር ላይ ሆኖ ለሁሉም እጅ ማውለብለብ የከተማ ጠባይ ነው። እጅ መንሻውን ለቤቱ እመቤት ስጡ። እንግዳ የሚይዘው ስጦታ ዬውን የሚባል ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ባዶ እጅ መምጣት ምን እንደሚመስል ከዚያ ገምቱ።

ማቴ ይመጣል። አንድ ቅምጫና፣ አንድ የብረት መምጠጫ፣ ሁሉም በተራ። ሕጉ አጭር ነው፦

- መምጠጫውን አታማስሉበት። ቅጠሉን ያነሳና ይደፍነዋል።
- ድምፅ እስኪያሰማ ጨርሱትና ለሰጣችሁ ሰው መልሱ፤ ለጎረቤት አታሳልፉ።
- «ግራሲያስ» የምትሉት መጠጣት ስትተዉ ብቻ ነው። እኔ በይሉኝታ የመጀመሪያውን እንደተቀበልኩ አመሰገንኩ። ማታውን ሙሉ ቅምጫናው እየዘለለኝ አለፈ። ለቡናችን ሦስት ዙር የሚቀመጥ ሰው በዚህ መበለጥ አልነበረበትም።

ደረጃ 8፦ ሥርዓት ላይ ከተጋበዛችሁ

ንጊያቱን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። የጋበዛችሁ ቤተሰብ በሜዳው ዙሪያ የራሱ ዳስ አለው። ቦታችሁ እዚያ ነው። ከዳስ ዳስ አትዙሩ። በመካከል ሬዌ የሚባለው ቅዱስ ቦታ አለ፤ አትንኩት፣ በመሀሉም አታቋርጡ።

ስልካችሁን አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡ። «ድምፁን ዘግቻለሁ» አይበቃም፤ እጅ ላይ ያለ ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው። ማስታወሻም እዚያ አትጻፉ፤ ማታ ስትመለሱ ጻፉ።

ለጭፈራ ከተጠራችሁ ተነሱ። ዙሩ በተለምዶ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ነው። ከፊታችሁ ያለውን ሰው እግር እያያችሁ ተከተሉ፤ አትቅደሙ። ሴቶች ቀሚሱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ኩልትሩን የሚባለው ከበሮ የማቺዋ (የፈዋሿና የሥርዓቱ መሪ) ነው። ሳይፈቀድ አይነካም፣ «አንዴ ልምታው» አይባልም። ገበያ ላይ የምትገዙት ለጌጥ የተሠራው ሌላ ጉዳይ ነው።

ምግቡ ከአቅማችሁ በላይ ይሰጣችኋል። መመለስ ነውር ነው፣ መተውም ነውር ነው። ይዞ መሄድ ግን የሚጠበቅ ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

«ማፑቼስ» ማለት። በስፓኒሽ ብዙ ለማድረግ «ስ» ትጨምራላችሁ። «ቼ» ራሱ ሕዝብ ማለት ነው፤ ማፑ ደግሞ ምድር። «አራውካኖ» የሚለው የድሮ ስም ውጭ ሰዎች ያወጡት ስለሆነ አትጠቀሙበት። «ኢንዲዮ» ስድብ ነው።

ልብሳቸውን «ዲስፍራስ» ማለት። ይህ ቃል ለካርኒቫል የሚለበስ ማስመሰያ ነው። «ቬስቲሜንታ» በሉ።

ማቺን «ጠንቋይ» ብሎ ለአገር ቤት ሰው መተርጎም። ማቺ ወንድም ሴትም ልትሆን የምትችል ፈዋሽና የሥርዓት መሪ ናት። በክፉ የሚሠራው ካልኩ ይባላል፣ ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት ከባድ ስድብ ነው። አማርኛ አይገባቸውም ብላችሁ እንዳትዝናኑ፤ የለጠፋችሁትን ስልኩ ይተረጉምላቸዋል።

ዋጋ መከራከር። ሸማኔዋ አንድ ማኩን (ፖንቾ) ላይ ሳምንታት ትቀመጣለች። ከበዛባችሁ ትራሪሎንኮ፣ የግንባር መታጠቂያውን፣ ግዙ።

ከአንድ ጉብኝት በኋላ «ማፑቼዎች እንዲህ ናቸው» ብሎ መጻፍ። የባሕር ዳርዎቹ ላፍኬንቼ፣ የተራራዎቹ ፔዌንቼ፣ የደቡቦቹ ዊይቼ የየራሳቸው ልማድ አላቸው። አንዱ ጋ የተፈቀደላችሁ ሌላው ጋ ሊከለከል ይችላል፤ በየቦታው እንደ አዲስ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

በሁለት ቀን ውስጥ ለጋባዣችሁ የምስጋና መልእክት ላኩ። ተፈቅዶላችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ ከመለጠፋችሁ በፊት ለእነሱ አሳዩ። አሳትማችሁ ብትወስዱላቸው ይበልጥ ይወዱታል፤ ገጠር ውስጥ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ለጥናታችሁ መረጃ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ ያ ሌላ ፈቃድ ነው። በእንግድነት የሰማችሁትን ወሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አታስገቡ፤ ከሎንኮውና ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አምጡ።

ጃኬታችሁን ደግሞ ወዲያው አጥባችሁ አየር ላይ ስቀሉት። ሩካ ውስጥ ጭስ መውጫ ቱቦ የለም፤ ሽታው ሳምንት አይለቅም። ሰኞ ክፍል የምትለብሱት ሌላ ይኑራችሁ።